የኡንጋሮ የሐር ቀሚስ፦ ከማጠብዎ በፊት ቀዩን አበባ ይፈትሹት

ጥያቄ፦ «አክስቴ የተወችልኝ የሐር ቀሚስ አለኝ። በጥቁር መደብ ላይ ትልልቅ ቀይና ሐምራዊ አበቦች፣ አረንጓዴ ቅጠሎች፣ የአበቦቹም መሐል ነጭ ነው። ወገቡ ላይ ወደ አንድ ጎን ተሸብሽቦ ይጠባል። ማርካው ኢማኑኤል ኡንጋሮ ፓራሌል ፓሪስ ይላል፤ ከጎን ስፌቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጨርቅ ግን በጣሊያን የተሠራ ትላለች። ብብቱ ወይቧል፤ የትከሻው ስፖንጅ ሲነኩት ይፈረፈራል። ጓደኛዬ በሻምፑና በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው አለችኝ፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ አሳጥሬ ወገቡን ላስፋልሽ ይላል። ከሁለት ወር በኋላ ሰርግ አለብኝና ልለብሰው እፈልጋለሁ። እውነተኛ ነው? እንዴትስ ላጽዳው?»

መልስ፦

እባክዎ ባልዲ ውስጥ አይንከሩት። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናየዋለን፤ ይህን ግን ምናልባት ዛሬ ማታ ሊያጥቡት አስበው ከሆነ ብዬ አስቀድሜዋለሁ።

ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት ከእርስዎ ቀሚስ ጋር የሚቀራረብ አንድ ልብስ በላስቲክ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ጥቁር መደብ፣ ቀይ አበባ፣ ነጭ መሐል። በሳህን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትንሽ ሻምፑ ጠብ አድርጋ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነው የነከረችው። ስታወጣው ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆኗል፤ ቀዩ በየጠርዙ እንደ ጭስ ተበትኖ አረንጓዴው ቅጠል ላይ ወጥቷል። ጨርቁን በጣቶቼ ስዳስሰው ግን ምንም አልሆነም፤ ልስላሴውም ጥንካሬውም እንዳለ ነው። የተበላሸው ሥዕሉ ብቻ ነበር። ያን ሮዝ ነጩን ሳልጎዳ ላወጣው አልቻልኩም፤ ሴትዮዋ ቀሚሱን መልሳ ስትጠቀልል የነበራት ፊት እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ስለዚህ ጓደኛዎ ስለ ክሩ ትክክል ናት፤ ስለ ቀለሙ ግን ተሳስታለች። ሐር እንደ ፀጉር ፕሮቲን ነው፤ ለስላሳ ሻምፑ ክሩን አይጎዳውም። ሐርን የሚጎዳው በረኪና ነው፣ ክሩን ያሟሟዋል። ጠንካራ የልብስ ሳሙናም አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ያደርቀዋል፣ ያሻክረዋል። ቀለሙ ግን የራሱ ጠባይ አለው። እንዲህ ያለው የሐር ሕትመት አብዛኛውን ጊዜ አሲድ ቀለም በሚባለው ይታተማል፤ ከታተመ በኋላ በእንፋሎት ይበስልና ክሩ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ታጥቦ ያልያዘው ትርፍ ቀለም ይወገዳል። ፈዛዛ ቀለም ብዙ ትርፍ የለውም። እንደ እርስዎ ቀሚስ ያለ ድምቀቱ ዐይን የሚስብ ቀይና ጠልቆ የገባ ጥቁር ግን ከብዙ ማቅለሚያ የሚመጣ ነው፤ ሁሉም አይያዝም። የቀረው ትርፍ እዚያው ተቀምጦ ውሃ ይጠብቃል። ዓመታት አልፈው እንኳ ውሃ ሲያገኝ ይነሣና አጠገቡ ያለውን ነጭ ይዞ ይቀመጣል።

እውነተኛነቱን በተመለከተ «ፓሪስ» እና «በጣሊያን የተሠራ» አብረው መገኘታቸው አያሳስብዎ። እንዲያውም እንዲህ መሆኑ ነው የሚያሳምነኝ። የልብስ ዲዛይነሩ ኢማኑኤል ኡንጋሮ እ.ኤ.አ. በ1933 በደቡብ ፈረንሳይ ኤክስ-አን-ፕሮቫንስ ከተማ ከጣሊያን ተሰደው ከመጡ ወላጆች ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ መርፌ መያዝ የተማረው ከእሳቸው ነው። ፓሪስ መጥቶ በታዋቂው ዲዛይነር በባሌንሲያጋ ዘንድ ሠራ፣ ጥቂት ጊዜ ከሌላው ዲዛይነር ከኩሬዥ ጋር ቆየ፣ በ1965 የራሱን የፋሽን ቤት ከፈተ። ያኔ አብራው የነበረችው ሶንያ ክናፕ የምትባል ስዊዘርላንዳዊት ሠዓሊ ናት፤ የጨርቆቹን ሥዕል ትሠራለት ነበር። እንግዲህ ይህ ቤት ከመነሻው የሥዕል ቤት ነው ማለት ይቻላል። አበባን ከነጠብጣብ፣ ነጠብጣብን ከመስመር ጋር ያለ ፍርሃት አንድ ልብስ ላይ የሚያገናኝ ሰው ነበር፤ ሌላው ቢሞክረው ይጯጯህበታል፣ እሱ ሲያደርገው ግን ይስማማል።

ፓራሌል በልክ ከሚሰፋው ከፍተኛ ስፌት ጎን ለጎን የቆመው የተዘጋጁ ልብሶች መስመሩ ነው፤ የተጀመረው በ1968 ነው። ልብሶቹ በፈረንሳይ ታስበው በጣሊያን ይሰፉ ነበር። በጣሊያን ቱሪን ከተማ የነበረው ጂ.ኤፍ.ቲ. የተባለው ትልቅ የልብስ አምራች ለኡንጋሮ ይሠራ ነበር፤ ለሌሎቹ ዲዛይነሮች ለቫለንቲኖና ለአርማኒም እንዲሁ። ስለዚህ የፓሪስ ስም ከጣሊያን ስፌት ጋር ሲገናኝ የዚያ ዘመን መደበኛ አሠራር ነው። የትከሻው ስፖንጅ፣ ወደ አንድ ጎን የተሰበሰበው ሽብሽቦና የአበቦቹ ግዝፈት አንድ ላይ ሲታዩ ቀሚሱን ወደ 1980ዎቹ ይወስዱታል፤ ኡንጋሮ በሴት ገላ ላይ ጨርቅ በመጠምጠም የታወቀበት ዘመን ነው።

ማርካ ግን ተነቅሎ ሌላ ልብስ ላይ ይሰፋል። ስለዚህ እኔ ማርካውን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀሚሱን ገልብጡና መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ከአበባው ሥር፣ ብርሃን በጎን ሲመታው ብቻ የሚታይ ሌላ ሽመና አለ? ትንንሽ ክብ፣ ቅጠል፣ መስመር? ይህ ጃካርድ ነው፤ ድርና ማጉ ራሱ ሥዕል ይሠራል፣ ሕትመቱ ከላዩ ላይ ይመጣል። በዚያ ዘመን የኡንጋሮ ሐሮች ላይ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ርካሽ ቅጂ የሚሠራ ሰው ለዚህ ወጪ አያወጣም። ቀጥሎ አጉሊ መነጽር ካለዎት ቀዩ ከጥቁሩ የሚገናኝበትን ጠርዝ ይዩ። በወንፊት የታተመ ጨርቅ፣ ማለትም ቀለሙ በተወጠረ ስስ መረብ ውስጥ እየተገፋ የታተመ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ወንፊት አለው፤ ቀለሞቹ ድፍን ናቸው፣ በሚገናኙበትም አንዱ በሌላው ላይ በጣም ቀጭን ሆኖ ይደረባል። በኮምፒውተር የታተመው ግን ቀረብ ብለው ሲያዩት ከተረጩ ደቃቅ ነጥቦች የተሠራ ነው፤ የ1980ዎቹ ቀሚስ ላይ ያንን ካዩ አንድ ነገር ተሳስቷል። ስፌቱን ገለጥ ሲያደርጉ የጨርቁ ዳር ከተረፈበት ደግሞ በተርታ የተደረደሩ ባለቀለም ነጥቦች ልታገኙ ትችላላችሁ፤ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ወንፊት ናት። ቁጠሯቸው፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ጨርቁ ሲታተም የነበረው ልፋትም በዝቷል።

ሐር መሆኑን ለማረጋገጥ በውስጥ በኩል ከስፌቱ አልፎ ከቀረው ትርፍ ጨርቅ አንዲት ክር ብቻ መዝዘው በወረንጦ ይያዙና ከውሃ ሳህን በላይ ያቃጥሏት። ሐር እንደ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም ጥቁር ሆኖ በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ዶቃ ይሆናል። ክሯ ከጨርቁ ትሁን እንጂ የተሰፋበት ክር አትሁን፤ የሐር ልብስ በፖሊስተር ክር የተሰፋ ሊሆን ስለሚችል ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

አሁን ወደ ብብቱ። ወይቧል ብለውኛል፤ ግን ሁለት ዓይነት መወየብ አለ፣ የቀሚሱም ዕጣ የሚወሰነው በዚህ ነው። ብብቱን በብርሃን ፊት ለፊት ይያዙት። ጨርቁ ድፍን ሆኖ ቢጫ ብቻ ከሆነ እድፍ ነው፣ ተስፋ አለው። ብርሃን እንደ ወንፊት የሚያሳልፍ፣ የሳሳ፣ ድሩ ተበጥሶ ማጉ ብቻ የቀረ የሚመስል ቦታ ካለ ግን ክሩ ራሱ ተበልቷል። ላብ ጨውና አሲድ አለው፤ ሲቆይም ይለወጥና ወደ አልካሊ ያደላል። የላብ መከላከያ ቅባቶች ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ጨው ደግሞ ለብቻው አሲድ ነው፤ ሐር ላይ ዓመታት ሲተኛ ክሩን ያነትበዋል። ጥቁሩ መደብ ብብት ላይ ወደ ቡኒ ከዞረም ያ ቆሻሻ አይደለም፤ ቀለሙ ተለውጧል፣ የትኛውም ማጽጃ አይመልሰውም።

የሳሳ ቦታ ካለ ቀሚሱን ለጽዳት ከመስጠትዎ በፊት መደገፍ አለበት፤ ማሽን ውስጥ ሲሽከረከር የነተበው ይቀደዳልና። ከሥር በጣም ስስ የሐር ጨርቅ ተደርጎ፣ በቀጭን መርፌና በሐር ክር፣ ጤነኛው ጨርቅ ላይ ተይዞ ይሰፋል። በካውያ የሚጣበቅ ጨርቅ የሚያቀርብልዎ ሰው ካለ እምቢ ይበሉ። ሙጫው በስሱ ሐር ውስጥ ያልፋል፣ ፊቱ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ የሚያስለቅቀው የለም።

ስለ ብዙ አሮጌ ሐር የሚነገር ሌላ ፍርሃት አለ፤ እርስዎ ሊያነቡት ስለሚችሉ ላንሳው። የሐር ትል የምትፈትለው ክር ሴሪሲን በሚባል ሙጫ የተሸፈነ ነው፤ ሙጫው ሲነሣ ሐሩ ሩብ ያህል ክብደቱን ያጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ነጋዴዎች የጎደለውን ክብደት በቆርቆሮ ጨው ይተኩ ነበር፤ እነዚያ ልብሶች ዛሬ ተጣጥፈው በተቀመጡበት እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰነጣጠቃሉ። የእርስዎ ቀሚስ የዚያ ዘመን ልጅ ስላልሆነ ይህ በሽታ አያሰጋውም።

የትከሻው ስፖንጅ ፖሊዩረቴን ከሚባል ሰው ሠራሽ አረፋ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። አክስትዎ ምንም አላጠፉም፤ አየርና እርጥበት በጊዜ ብዛት ያፈርሱታል፣ መጀመሪያ ይወይባል፣ ከዚያ ይጣበቃል ወይም ይፈረፈራል። ዱቄቱ ሐሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መውጣት አለበት፣ ከጽዳትም በፊት፤ በማጽጃው ፈሳሽ ውስጥ ከተበተነ በየሽብሽቦው ይገባል። ገበሩ ላይ ጥቂት ስፌት ብቻ ይፍቱ። ከመፍታትዎ በፊት ስፖንጁ የት ድረስ እንደሚደርስ ፎቶ ያንሱ፤ ከአንገት ስፌቱ ስንት ጣት እንደሚርቅ በወረቀት ይጻፉ። የቀረውን ዱቄት በብሩሽ አይጥረጉት፣ ይበልጥ ይቀባል። የቫኩም ማጽጃውን አፍ በስስ መረብ ሸፍነው በዝቅተኛ ኃይል ያስጠጉት። ከዚያ በጥጥ ተሞልቶ በጨርቅ የተሸፈነ አዲስ ትከሻ በዚያው ቅርጽ ያሠሩለት። «አሁን ትልቅ ትከሻ አይለበስም» ብለው ባዶውን እንዲተዉት የሚመክርዎ ይኖራል፤ እኔ አልስማማም። ያ ቀሚስ የተቆረጠው ለዚያ ትከሻ ነው። ትከሻው ሲወድቅ ደረቱ ይረግባል፣ ሽብሽቦው ከቦታው ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቀሚሱ ሰፍቶዎት ሳይሆን ትከሻ አጥቶ ነው እንደዚያ የሚሆነው።

ከዚህ በኋላ ቀዩን አበባ ይፈትሹ። ነጭ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በንጹሕ ውሃ አርጥበው አጥብቀው ይጭመቁት፤ እርጥበቱ በእጅ ይሰማ እንጂ ጠብታ አይኑረው። በውስጥ በኩል፣ ከስፌቱ አልፎ የቀረው ትርፍ ጨርቅ ላይ፣ ቀዩ የደረሰበትን ቦታ ይፈልጉና ለአንድ ደቂቃ ያህል በጣትዎ ይጫኑት። አይፈትጉት። ከዚያ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ ሐምራዊውን፣ ቀጥሎ አረንጓዴውን። እያንዳንዱ የራሱ ጨርቅ ይኑረው፤ የትኛው እንደለቀቀ ለይተው ማወቅ ስላለብዎ ነው። ይህን ትርፍ ጨርቁ ላይ ብቻ ያድርጉ፤ ፊት ላይ ቢያደርጉት ውሃው ሲደርቅ ክብ ምልክት ሊተው ይችላል። ጨርቁ ላይ እንደ ጽጌረዳ ቅጠል የፈዘዘ ሮዝ እንኳ ቢወጣ መልስዎን አግኝተዋል፦ ይህ ቀሚስ ውሃ አይችልም። እነዚያን አራት ጨርቆች አይጣሉ፤ ላውንደሪ ይዘዋቸው ይሂዱ።

ላውንደሪ ስል በደረቅ እጥበት የሚሠራውን ማለቴ ነው፤ ስሙ ደረቅ ይባል እንጂ ልብሱ በፈሳሽ ይታጠባል፣ ፈሳሹ ውሃ ስላልሆነ ነው። ብዙ ቦታ ፐርክሎሮኤቲሊን የሚባለው ነው። ቅባትን ጥሩ አድርጎ ያነሣል፤ ላብና ስኳር ግን በውሃ የሚሟሙ ስለሆኑ እሱ ብቻውን አያነሣቸውም። ስለዚህ ባለሙያው ብብቱን አስቀድሞ በእርጥበት ወይም በእንፋሎት መንካቱ አይቀርም። አደጋው እዚህ ነው። ብብቱ አጠገብ ቀይ አበባ ካለ ያ አንድ የእንፋሎት ትንፋሽ ሻምፑ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ስለዚህ አራቱን ጨርቆች ያሳዩትና የትኛው ቀለም እንደሚለቅ ይንገሩት፤ እድፉ የላብ መሆኑን፣ ብዙ ዓመት የቆየ መሆኑንም አይደብቁት። ቀሚሱ ተገልብጦ በመረብ ከረጢት ውስጥ፣ በንጹሕ ፈሳሽ፣ በአጭር ዙር እንዲታጠብ ይጠይቁ። በጨርቅ የተሸፈኑ ቁልፎች ወይም ሙጫ ያለው ቀበቶ ካለው አስቀድመው ይፍቱለት፤ ፈሳሹ አንዳንድ ፕላስቲክና ሙጫ ይበላል። ሽብሽቦው በከባድ ካውያ እንዳይጨፈለቅ፣ እድፉም ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ሙቀት እንዳይነካው አደራ ይበሉ፤ ሙቀት የቀረውን ያበስለዋል። ሰውየው ቀሚሱን ሳይገለብጥ፣ ጨርቆቹን ሳያይ «ምንም ችግር የለም» ካለዎት ቀሚሱን መልሰው ይዘው ይውጡ።

ልብስ ሰፊው ከመጥፎ ሐሳብ አይደለም ያንን ያለው፤ የሐር ስፌት ሲፈታ የሚሆነውን ግን ላስረዳዎ። መርፌ ሐር ላይ የተወው ቀዳዳ እንደ ጥጥ ተመልሶ አይዘጋም። ወገቡ ሲሰፋ የድሮው ስፌት እንደ ነጥብ መስመር ከላይ ይታያል፤ ከስፌቱ ውስጥ የነበረው ጨርቅ ደግሞ ብርሃን ያላየ ስለሆነ ይበልጥ ደማቅ ሆኖ እንደ ጥብጣብ ይለያል። ሽብሽቦው ከውስጥ በኩል ከገበሩ ወይም ከቀጭን ጥብጣብ ጋር ተይዟል፤ አንዴ ከተፈታ እያንዳንዱን እጥፋት ወደ ነበረበት የሚመልስ እጅ ማግኘት ከባድ ነው። እኔ ብሆን ወገቡን አልነካውም። ርዝመቱ ከበዛብዎት አይቆረጥ፤ ወደ ውስጥ ታጥፎ በእጅ፣ ላላ ባለ ስፌት ይያዝ፣ ነገ ሲፈቱት ይወርዳል። ትንሽ ይጠብበኛል ካሉ ደግሞ ቆመው ሳይሆን ተቀምጠው ይሞክሩት። ሲቀመጡ ከስፌቱ ዳርና ዳር ክሮቹ ተንሸራተው እንደ መሰላል ከተከፈቱ ለሰርጉ አይሆንም፤ ያን ቀን ከጨፈሩበት ይተረተራል።

ለለበሱበት ቀን ጥቂት ነገር። ሽቶና የብብት ቅባት አስቀድመው ይቀቡ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቁ፣ ከዚያ ይልበሱ። ብብቱ ውስጥ ከቀጭን ጥጥ የተሠራ መከለያ ገበሩ ላይ በአራት ስፌት ብቻ ይያዝ፤ ማታውኑ ይፈታና ለብቻው ይታጠባል። መጠጥ ከፈሰሰብዎ በደረቅ ነጭ ጨርቅ ይጫኑት፤ ውሃም ጨውም አይጨምሩ። ነጭ ወይንና ለስላሳ መጠጥ ሲደርቁ የጠፉ ይመስላሉ፣ ግን ስኳሩ እዚያው ነው፤ ከወራት በኋላ ቡኒ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ባይታይም የፈሰሰበትን ቦታ ያስታውሱና ለባለሙያው ያሳዩት።

ሲያስቀምጡት ከላውንደሪ የመጣውን ላስቲክ ያውልቁ። የሽብሽቦው ክብደት ትከሻውን ስለሚጎትት ከመስቀል ይልቅ ማስተኛት ይሻላል፤ ስታርች በሌለው በታጠበ ነጭ የጥጥ አንሶላ ተጠቅልሎ፣ በየእጥፋቱ ነጭ ስስ ወረቀት ገብቶበት፣ ጨለማ ቦታ። ብልና የምንጣፍ ጥንዚዛ እጭ ሐር ይበላሉ፣ በተለይ ላብና ምግብ የነካውን፤ ቆሽሾ አይቀመጥ።

ምናልባት ቀዩ በጣም ይለቅ ይሆናል፤ የሚያምኑት ባለሙያም «ብብቱን አልነካም» ሊልዎ ይችላል። እንደዚያ ካለ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነውና ይስሙት። ጨርቁ በብርሃን ፊት ድፍን ሆኖ ከታየ ትከሻውን ያሳድሱ፣ ቅባቱንና አቧራውን ብቻ በደረቅ እጥበት ያስነሡለት፣ መከለያውን ይስፉበትና ከነቢጫው ይልበሱት። ክንድዎን ሲያወርዱ ማንም አያየውም፤ አበቦቹም ሳይፈሱ በየቦታቸው ይቆያሉ።